«እኛ» የ«እኔ» ብዙ ቁጥር ነው?

ለተርጓሚዎች፣ ለአስተርጓሚዎችና ለቋንቋ መምህራን የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሏል

እንደምን ዋላችሁ። ሰሌዳው ላይ የተጻፉት አሥር ቃላት ማናችሁም አዲስ አይደሉባችሁም፦ እኔ፣ አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ፣ እሱ፣ እሷ፣ እሳቸው፣ እኛ፣ እናንተ፣ እነሱ። የሰዋስው መጽሐፍ ሰባቱን በ«ነጠላ» ዓምድ፣ ሦስቱን በ«ብዙ» ዓምድ ይደረድራል። ከ«እኔ» ፊት ለፊት «እኛ»፣ ከ«አንተ» ፊት ለፊት «እናንተ» ይቀመጣል። ተማሪው ሠንጠረዡን አይቶ ነገሩ እንደ «በግ፣ በጎች» ነው ብሎ ያልፋል። ዛሬ የምንነካካው ይህን ሠንጠረዥ ነው።

«በጎች» ማለት አንድ በግ፣ ሌላ በግ፣ ሌላም በግ ማለት ነው፤ ተመሳሳይ ነገር ተደጋግሟል። «እኛ» ውስጥ ግን ስንት «እኔ» አለ? አንድ ብቻ። የሚናገረው ሰው አንድ ነው፤ የቀሩት አጃቢዎች ናቸው። ሕዝብ በአንድ ድምፅ ሲዘምር ካልሆነ በቀር «እኛ» ማለት «እኔና ከእኔ ጋር የቆጠርኳቸው» ማለት ነው። «እናንተ»ም ቢሆን እንዲሁ ነው። አንዲት ጎረቤት በመንገድ ብቻዋን አግኝታችሁ «እናንተ ሰፈር ውሃ መጣ?» ትላላችሁ። ፊታችሁ የቆመችው አንዲት ሴት ናት፤ ሰዋስዉ ግን ብዙ ነው፤ ምክንያቱም እዚያ የሌሉት ጎረቤቶቿ አብረው ተቆጥረዋል።

አማርኛ ይህን በቃሉ አሠራር ላይ በግልጽ ጽፎታል። «እናንተ» ሲፈታ «እነ» እና «አንተ» ነው፤ «እነሱ» ደግሞ «እነ» እና «እሱ»። ይህ «እነ» በስም ላይ ምን እንደሚሠራ እናውቃለን። «እነ አበበ መጡ» ሲባል አበበ የሚባሉ ሰዎች መጡ ማለት አይደለም፤ አንድ አበበና ባልደረቦቹ፣ ወይም አበበና ቤተሰቡ መጡ ማለት ነው። በክፍሉ ውስጥ በዚህ ስም የሚጠሩ ሁለት ልጆች ካሉ «እነ አበበ» አንልም፤ «ሁለት አበበ አለ» እንላለን። «የሙሉ ቤት» እና «እነ ሙሉ ቤት» የሚለያዩትም በዚሁ ነው፤ ሁለተኛው ቤቱን የመላው ቤተሰብ ያደርገዋል። የቋንቋ ሰዎች ይህን ዓይነቱን «የአጃቢ ብዙ» ይሉታል። ጃፓንኛም ተመሳሳይ ነገር አለው፤ «ታናካታቺ» ሲባል ልክ «እነ ታናካ» እንደማለት ነው። ልዩነቱ ጃፓንኛ ምልክቱን ከኋላ መቀጠሉና ለ«እኔ»ም መጠቀሙ ነው፤ «ዋታሺ» እኔ፣ «ዋታሺታቺ» እኛ።

አማርኛ ግን «እነ»ን ወደ አንደኛ መደብ አላሻገረውም። «እነ እኔ» በጨዋታ ይባል ይሆናል እንጂ የመደበኛው ተውላጠ ስም «እኛ» ነው፤ ከ«እኔ» ተነሥቶ በእርባታ የሚገኝ አይደለም። እዚህ ላይ «እንዲያው የአጋጣሚ ነገር ይሆናል» የሚል ካለ ግሱን ይመልከት። የአሉታውን ግስ ወስደን እንየው፤ ረዳት ግሱ ስለማይገባበት ጥርት ብሎ ይታያል፦

አትሰብርም፣ አትሰብሩም።
አይሰብርም፣ አይሰብሩም።
አልሰብርም፣ አንሰብርም።

በሁለተኛውና በሦስተኛው መደብ ነጠላውን ብዙ ያደረገው አንድ ዓይነት ነገር ነው፤ ከግሱ መጨረሻ «ኡ» ተጨመረ፣ «ር» «ሩ» ሆነ። በአንደኛው መደብ ግን ከኋላ ምንም አልተጨመረም፤ ከፊት ያለው «ል» ወጥቶ «ን» ገባ። ማለትም ግሱም እንደ ተውላጠ ስሙ «እኛ»ን ራሱን የቻለ መደብ አድርጎ ነው የያዘው።

ሐቀኛ ለመሆን የሚቃረነውንም ላሳይ። በአገናዛቢ ቅጥያዎች ላይ ይህ መለያየት የለም። መጽሐፋችን፣ መጽሐፋችሁ፣ መጽሐፋቸው። ሦስቱም ላይ «አች» አለ፤ መደቡን የሚለየው ከእሱ ቀጥሎ ያለው ፊደል ነው፤ ን፣ ሁ፣ ው። ስለዚህ አንድ ቋንቋ በአንዱ ክፍሉ «እኛ»ን ለብቻው ይዞ በሌላው ክፍሉ ከሌሎቹ ጋር ሊያሰልፈው ይችላል። ቋንቋን ለማስተማር ሠንጠረዥ ስትሠሩ ነጻ ተውላጠ ስሙን፣ የግሱን ባለቤት ምልክት፣ የተሳቢውን ቅጥያና አገናዛቢውን ለየብቻ ሥሩ፤ አራቱን በአንድ ላይ ማጨቅ ነው ስሕተቱን የሚወልደው።

አሁን ወደ ዋናው ችግር እንምጣ፦ «እኛ» ውስጥ ማን አለ?

አንድ ሰው «ነገ ወደ ጅግጅጋ እንሄዳለን» አላችሁ። ሻንጣ ታዘጋጃላችሁ ወይስ «መልካም መንገድ» ትላላችሁ? አማርኛው አይነግራችሁም። ሶማሊኛ ግን ሁለት «እኛ» አለው። «ኢናጋ» ሰሚውን ይጨምራል፤ «አናጋ» ሰሚውን ያስወጣል። በሁለቱም «ን» ትጠብቃለች፤ በአፍ ሲነገሩ የሚለዩት በመነሻቸው አናባቢ ብቻ ነው። ግሱ ልዩነቱን አያሳይም፤ ሥራው ሁሉ የተውላጠ ስሙ ነው። የመጀመሪያውን አካታች፣ ሁለተኛውን አግላይ እንበላቸው።

ከአማርኛ ወደ ሶማሊኛ የሚያስተረጉም ሰው እዚህ ላይ መምረጥ ግዴታው ነው፤ ዝም ብሎ የሚያልፍበት መካከለኛ ቃል የለም። ጤና ጣቢያ ውስጥ ባለሙያዋ ለእናት «በየወሩ ክብደቱን እንመዝነዋለን» ብትል፣ አግላዩ ከተመረጠ ሥራው የባለሙያዎቹ ብቻ ይሆናል፤ አካታቹ ከተመረጠ እናትየውም የድርሻዋን ትይዛለች። ግምት ከመውሰድ መጠየቅ ይሻላል፤ «እሷም አለችበት?» የሚል አጭር ጥያቄ ይበቃል። በተቃራኒው አቅጣጫ ደግሞ ከሶማሊኛ የመጣው ልዩነት አማርኛ ላይ ሲደርስ ይጠፋል። አካታቹን «እኛም እናንተም»፣ «አብረን» ወይም «ሁላችንም» ብሎ፣ አግላዩን ደግሞ «እኛ በበኩላችን» ወይም «እናንተን ሳይጨምር» ብሎ ማዳን ይቻላል። በየዓረፍተ ነገሩ ግን አይደገምም፤ አንዴ ከተባለ በኋላ «እኛ» ይበቃል።

ይህን መለያየት አፍ አውጥቶ የሚናገር ቋንቋ ከፈለጋችሁ የፓፑዋ ኒው ጊኒው ቶክ ፒሲን አለ። ቃላቱ አብዛኞቹ ከእንግሊዝኛ የተወሰዱ ናቸው፤ አሠራሩ ግን የአካባቢው ነው። «ሚ» እኔ ነው፣ «ዩ» አንተ ወይም አንቺ። ሁለቱን አጋጥሙ፣ «ዩሚ»፤ አካታቹ እኛ። «ሚፔላ» ደግሞ አግላዩ እኛ። በመካከል ቁጥር ይገባል፤ «ሚቱፔላ» እኔና ሌላ አንድ ሰው፣ አንተ የለህበትም፤ «ሚትሪፔላ» እኔና ሌሎች ሁለት፤ «ዩሚቱፔላ» እኔና አንተ። ተውላጠ ስሙ በቁሙ የሒሳብ ስሌት ነው። በፊጂኛ ደግሞ የ«እኛ» ቁጥር ስድስት ይደርሳል፤ ለሁለት ሰው፣ ለጥቂት ሰዎችና ለብዙ ሰዎች፣ ለእያንዳንዱም አካታችና አግላይ።

ከሁሉ አብልጦ የሚያስተምረው ግን የሰሜን ፊሊፒንስ ቋንቋ የሆነው ኢሎካኖ ይመስለኛል፤ ትንሽ እንቆይበት። ስምንት ተውላጠ ስሞች አሉት። «ሲያክ» እኔ፤ «ሲካ» አንተ ወይም አንቺ፤ «ኢሱ» እሱ ወይም እሷ፤ «ዳታ» እኔና አንተ ሁለታችን ብቻ፤ «ዳካሚ» አግላይ እኛ፤ «ዳታዮ» አካታች እኛ፤ «ዳካዮ» እናንተ፤ «ኢሱዳ» እነሱ። በለመድነው መንገድ ነጠላ፣ ጥንድ፣ ብዙ ብለን ሦስት ዓምድ ብንሠራ ጥንድ በሚለው ዓምድ ውስጥ «ዳታ» ብቻዋን ትቀራለች። ሁለት እናንተ፣ ሁለት እነሱ የሚል ቃል የለም። አንድ ሙሉ ዓምድ ለአንዲት ቃል! ሠንጠረዥ እንዲህ ባዶ ሳጥን ሲበዛበት ጥፋቱ የቋንቋው ሳይሆን የሠንጠረዡ ነው።

ቁጥር መቁጠሩን እንተውና ሁለት ነገር ብቻ እንጠይቅ፦ ተናጋሪው አለበት ወይ? ሰሚው አለበት ወይ? መልሱ አራት ዓይነት ነው። ተናጋሪው ብቻ፤ ሰሚው ብቻ፤ ሁለቱም፤ ሁለቱም የሉም። ቀጥለን «ከእነዚህ ሌላ ሰው ተጨምሯል ወይ?» እንበል። አራት በሁለት ስምንት፤ ስምንቱም ቃላት አንድ ሳጥን ሳይተርፍ ይገባሉ፦

ሲያክ፣ ሲጨመርበት ዳካሚ።
ሲካ፣ ሲጨመርበት ዳካዮ።
ዳታ፣ ሲጨመርበት ዳታዮ።
ኢሱ፣ ሲጨመርበት ኢሱዳ።

«ዳታ» እንግዲህ ጥንድ ቁጥር አይደለችም። እንደ «እኔ» እና እንደ «አንተ» ያለች፣ «እኔና አንተ» የምትባል አራተኛ መነሻ ናት። ተውላጠ ስም ከመቁጠር ይልቅ ማን ከማን ጋር እንደተሰለፈ ይናገራል የምለውም ለዚህ ነው።

እውነተኛ ጥንድ ቁጥር ያላቸው ቋንቋዎችም አሉ። ስሎቬንኛ እስካሁን ይጠቀምበታል፤ የጥንቱ እንግሊዝኛም ለ«እኛ ሁለታችን» እና ለ«እናንተ ሁለታችሁ» የተለዩ ቃላት ነበሩት። በጽሑፍ ዓረብኛ «አንቱማ» እናንተ ሁለታችሁ፣ «ሁማ» እነሱ ሁለቱ ነው፤ በሁለቱም ላይ የወንድና የሴት ልዩነት ይጠፋል። ለአንደኛ መደብ ጥንድ የለም፤ ሁለትም ሆኑ ሺህ «ነሕኑ» ነው። በንግግር ዓረብኛ ጥንዱ በስም ላይ ቀርቷል፤ ከተውላጠ ስም ላይ ግን ወጥቷል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሚሠሩ ወገኖቻችን አንዲት ወጥመድ እዚህ ላይ አለች። እዚያ «ኢንቱ» ሲባል እናንተ ማለት ነው፤ ለአማርኛ ጆሮ ግን «አንቱ» ትመስላለች። አክብረው ጠሩኝ ብሎ ደስ ከመሰኘት በፊት ከኋላ ሌላ ሰው መኖር አለመኖሩን ዞር ብሎ ማየት ነው።

እኛ ጥንዱን በቁጥርና በአገናዛቢ እንሠራዋለን፤ ሁለታችን፣ ሁለታችሁ፣ ሁለታቸው። ከዚያም አልፎ ሦስታችን፣ አራታችን ማለት ይቻላል። ይህ አማራጭ ነው፤ ዓረብኛው ግን ግዴታ ነው። ወደ ዓረብኛ የሚተረጉም ሰው ደብዳቤው ላይ «እናንተ» የተባሉት ሁለት መሆናቸውን ካላጣራ የመጀመሪያው ቃል ላይ ይወድቃል።

«አንቱ»ን ካነሣን ወደ አክብሮት እንግባ። የአማርኛ የቁጥር ሥርዓት በጣም የተወሳሰበው እዚህ ነው።

«እርሱ» የሚለው ቃል መነሻው የግዕዙ «ርእስ» ነው፤ ራስ ማለት። «ርእስ» ላይ አገናዛቢ ተቀጠለና «እርሱ»፣ «እርሷ»፣ «እርስዎ»፣ «እርሳቸው» ሆነ። ትግርኛ በራስ ፈንታ ነፍስን ወሰደ፤ «ንሱ»፣ «ንሳ» የሚሉት ከ«ነፍስ» የመጡ ናቸው። አሁን «እርሳቸው»ን በጥንቃቄ እንየው። መጨረሻው ላይ ያለው «አቸው» የብዙ አገናዛቢ ነው፤ ቅርጹ ብዙ፣ ሰውየው ግን አንድ። አክብሮት የብዙውን ልብስ ወስዶ ለአንድ ሰው አለበሰው። ታዲያ ለእውነተኞቹ ብዙዎች ምን ተረፈ? ከነጠላው ከ«እርሱ» ላይ «እነ» ተቀጥሎ «እነርሱ» ሆነ።

እንግሊዝኛም በዚሁ መንገድ አልፏል። ድሮ ለአንድ ሰው «ዛው»፣ ለብዙ «ዩ» ይባል ነበር። ከዚያ «ዩ» ለአንድ የተከበረ ሰውም መባል ጀመረ፤ እየሰፋ ሄዶ በ17ኛው መቶ ዓመት ውስጥ «ዛው»ን ከተራው ንግግር አስወጣው። በ1611 እ.ኤ.አ. የታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ስለያዘው ዛሬ የሚሰማው በጸሎት ነው፤ ስለዚህም ብዙ ሰው የክብር ቃል ይመስለዋል። ነገሩ ግን የእኛው ዓይነት ነው፤ እኛም ካህኑን አንቱ ብለን እግዚአብሔርን አንተ እንላለን። ግሱ ታሪኩን አልረሳም፤ አንድ ሰው ፊታችሁ ቆሞ እንኳ «ዩ አር» ነው፣ የብዙ ግስ። ነጠላና ብዙው የሚለየው «ራስህ» በሚለው ላይ ብቻ ነው፤ «ዩርሰልፍ» ለአንድ፣ «ዩርሰልቭስ» ለብዙ። ክፍተቱን ለመሙላት የአሜሪካ ደቡብ «ያል» አለ፣ ሌላው «ዩ ጋይስ» አለ።

አማርኛ ላይ ግን ክፍተቱ ሙሉ በሙሉ አልተደፈነም፤ ችግሩ የሚታየው በግሱ ነው። እርስዎ መጡ፤ እሳቸው መጡ፤ እነሱ መጡ። ሦስት ባለቤት፣ አንድ ግስ። አማርኛ ደግሞ ተውላጠ ስሙን ብዙ ጊዜ ይተወዋል። «ትናንት መጥተው ነበር፤ አነጋገርኳቸው» ሲባል አንድ አዛውንት ናቸው ወይስ አምስት ጎረምሶች? ቅርጹ አይነግረንም። ከዚህም በላይ ጾታው ጠፍቷል፤ «እሳቸው» አባትም እናትም ናቸው። አንድ የምስክር ቃል «ገንዘቡን ሰጧቸው» ቢል ሰጪው አንድም ብዙም፣ ተቀባዩ አንድም ብዙም፣ ሁሉም ወንድም ሴትም ሊሆን ይችላል። አስተርጓሚው ወደ እንግሊዝኛ ሲያሻግረው «ዘይ» (እነሱ) ብሎ ካለፈ፣ አንድ ተከሳሽ የነበረበት ጉዳይ ቡድን ይሆናል። የኮምፒውተር ትርጉምም የሚወድቀው እዚሁ ነው፤ «ሚኒስትሯ ተናግረዋል» በሚለው ላይ «ሯ» አንዲት ሴት መሆኗን እየተናገረች ግሱን አይቶ «እነሱ» ብሎ የሚተረጉምበት ጊዜ አለ። በእስራኤል ላሉ አስተርጓሚዎች ነገሩ ይከብዳል፤ ዕብራይስጥ የአክብሮት ተውላጠ ስም የለውም፣ «ሁ» ለእሱ፣ «ሂ» ለእሷ ነው። «እሳቸው»ን በዕብራይስጥ «ሄም» (እነሱ) ማለት አባትየውን ብዙ ሰው ማድረግ ነው።

መፍትሔው ተራ ነው። አንደኛ፣ ስሙን መድገም፤ «አዛውንቱ መጥተው ነበር» ሲባል የ«ኡ» ቅጥያ አንድ ወንድ መሆናቸውን ይናገራል። ሁለተኛ፣ ብዙ ከሆኑ «ሁለቱም»፣ «ሁሉም»፣ «እያንዳንዳቸው» የሚል መጨመር። ሦስተኛ፣ ቃለ ጉባኤና የፍርድ ቤት ጽሑፍ ላይ ከአንድ በላይ ሰው ሲኖር «እሳቸው»ን በጠቅላላው መተው። «ሚኒስትሩና አማካሪያቸው በመኪናቸው ሄዱ» የሚል ዓረፍተ ነገር መኪናው የማን እንደሆነ እስከ ዕለተ ምጽአት አይገለጽበትም።

ሌላም ነገር አለ። በብዙ ላይ አክብሮት ይጠፋል። ሰባ ሽማግሌዎች «እነሱ» ናቸው፤ ሰባት ሕፃናትም «እነሱ» ናቸው። «እናንተ»ም ለሁሉም አንድ ነው፤ ለብዙ ሰው የሚሆን «አንቱ» የለንም። ለዚህ ነው ሽማግሌዎች ፊት የሚናገር ሰው «አባቶቼ» እያለ በስም የሚደግፈው።

ሰው ብዙ ሆኖ በነጠላ የሚጠራበትም ጊዜ አለ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. ለዐድዋ ዘመቻ ያስነገሩት አዋጅ «ያገሬ ሰው» ብሎ አገሩን ሁሉ በ«አንተ» ነው የሚያነጋግረው፤ «እርዳኝ» ይላል እንጂ «እርዱኝ» አይልም። «ሰው» የሚለው ስም በቅርጹ ነጠላ ስለሆነ ሰዋስዉ ያስኬደዋል። ለሰሚው ግን ትእዛዙ ለእያንዳንዱ በግል እንደመጣ ሆኖ ይሰማል።

ጾታን ለመጨረሻ ያቆየሁት አጭር ስለሆነ ነው። ግዕዝ በብዙም ጾታ ይለያል፤ «አንትሙ» ለወንዶች፣ «አንትን» ለሴቶች፤ «እሙንቱ» እና «እማንቱ»። ትግርኛም ጠብቆታል፤ «ንስኻትኩም»፣ «ንስኻትክን»፣ «ንሳቶም»፣ «ንሳተን»፤ በአክብሮትም ላይ እንኳ አባትን «ንስኹም»፣ እናትን «ንስኽን» ይላል። አማርኛ ሁሉንም ጥሏል። የቋንቋ ሊቁ ጆሴፍ ግሪንበርግ በ1963 እ.ኤ.አ. ባወጣቸው የቋንቋዎች የጋራ ሕጎች ውስጥ አንዱ እንዲህ የሚል ነው፦ አንድ ቋንቋ በብዙ ተውላጠ ስም ላይ ጾታ ከለየ በነጠላም ላይ ይለያል። ግዕዝና ትግርኛ በሁለቱም ይለያሉ፤ አማርኛ በነጠላ ብቻ ይለያል፤ አፋን ኦሮሞም «ኢኒ» እና «ኢሺን» ብሎ እሱንና እሷን ለይቶ በብዙ «ኢሳን» ብቻ ይላል። ሁለቱም መንገዶች ከሕጉ ጋር ይስማማሉ።

ከአማርኛ ወደ ትግርኛ የምትሠሩ ሰዎች ይህን በተግባር ታገኙታላችሁ። ለነፍሰ ጡሮች የተዘጋጀ በራሪ ወረቀት ላይ «እናንተ» የሚለውን ሳያስቡ «ንስኻትኩም» ብሎ መተርጎም የተለመደ ስሕተት ነው፤ ወረቀቱ እናቶችን ሳይሆን ወንዶች ያሉበትን ጉባኤ የሚያነጋግር ይመስላል። ጽሑፉን ከመጀመራችሁ በፊት «ይህ ለማን ነው?» ብላችሁ አዘጋጁን ጠይቁ፤ መልሱ «ለሁሉም» ከሆነ የወንዱ ቅርጽ ያስኬዳል፤ «ለእናቶች» ከሆነ ከተውላጠ ስሙ ጀምሮ እያንዳንዱ ግስና እያንዳንዱ አገናዛቢ ወደ ሴቶቹ ቅርጽ መዞር አለበት። ተውላጠ ስሙን ብቻ አርሞ ግሱን መርሳት የመጀመሪያውን ስሕተት ከመተው ይብሳል።

ጥያቄ ካለ እጃችሁን አውጡ።